የተበተነ ሰፈርን ወግ በሥዕል ለማሳየት ከየት ይጀመራል?

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ እኛም ተነሳን። ጎረቤቱ አንዱ አራብሳ፣ ሌላው ገላን ገባ፤ እድራችን ግን አለ። የትልልቆቹን ወግ ቀድተን፣ ወጣቶቹ ሥዕል ሠርተውበት፣ እዚያው ፒያሳ አንድ ቀን ብናሳይ ብለን ነበር። ልምድ ያላችሁ? ደግሞስ አሁንም የፒያሳ ልጅ ነኝ ማለት ያስኬዳል?

ከሰል፦
ያስኬዳል እንጂ! ግን «ሰፈሩ እንዴት ነበር?» ብለህ እንዳትጠይቅ፣ ሁሉም «ፍቅር ነበር» ይልህና አለቀ። የቦኖው ቁልፍ ማን ጋ ነበር፣ የእድሩ ድንኳን የት ይተከል ነበር በል፤ ያኔ ጠቡም ሳቁም ይወጣል። ከዚያ ትልቅ ወረቀት መሬት ላይ ዘርጉና የሰፈሩን ካርታ ራሳቸው ይሳሉት። አንዷ «በሩ በዚህ በኩል ነው» ስትል ሌላዋ ስትቆጣ፣ እሱን ቅዳ። ለሥዕሉ የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን አናግሩ፤ ከ1950 ጀምሮ ሠዓሊ የሚያወጣ ቤት ነው።

ካዛንቺስ፦
የኛም በ2017 ተነሳ፣ ስሜቱ ይገባኛል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ባለቤቶቹን ብቻ አትጥሩ። ሊስትሮው፣ ቆሎ ሻጯ፣ በደባልነት የኖረው፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ እዚያ ያደገው ሁሉ ወግ አለው። የቤት ደብተር ስለሌለው የሰፈሩ ሰው አልነበረም ልንል ነው እንዴ?

ቡና ጠጡ፦
የእናቶችን ድምፅ ቲክቶክ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ በኋላ ልጆቻቸው ይጣሏችኋል። ቀረጻው ላይ ቡና ይፈላ፣ በደረቁ ማን ያወራል? ትራንስፖርቱንም አስቡበት። ከአራብሳ ፒያሳ ቀልድ አይደለም።