ሰዶም ለምን ጠፋች? አበው ምን ብለው ነበር?

ወለተ ማርያም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዓርብ ማታ አምስት ሆነን እኔ ቤት መጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን። ባለፈው ዘፍጥረት 19 ላይ ደረስን። አንዷ እህታችን ሕዝቅኤል 16፥49ን ገልጣ አነበበችልን። እዚያ የሰዶም ኃጢአት ተብሎ የተቆጠረው ትዕቢት፣ ጥጋብና ድሀን አለመርዳት ነው። ሁላችንም ዝም አልን። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስሙ ራሱ «ግብረ ሰዶም» አይደል? የጥንት አባቶች ታሪኩን እንዴት ነበር የሚተረጉሙት? ስድብ እንዳይገባበት አደራ። የዚህችው እህታችን ወንድም በዚሁ ጉዳይ ከቤተሰቡ ተለይቷል። የማላውቀውን ልነግራት አልፈልግም።

የቅኔ ተማሪ፦
እህቴ፣ ሁለቱም ትርጓሜ አለ። ቀሌምንጦስ ዘሮም በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ሎጥ የዳነው እንግዳ በመቀበሉና እግዚአብሔርን በመፍራቱ ነው ይላል። የእስክንድርያው መምህር ኦሪጀንም በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘፍጥረትን ሲሰብክ የሎጥን እንግዳ ተቀባይነት አንስቶ፣ ቤታቸውን ለእንግዳ የሚዘጉትን ይገሥጻል። በሌላ በኩል ግን ከእነሱ በፊት የነበረው አይሁዳዊው ፈላስፋ ፊሎ የሰዶምን ኃጢአት ወንድ ከወንድ ጋር ከመተኛት ጋር አያይዞታል። የይሁዳ መልእክት ቁጥር 7ም «ሌላን ሥጋ» መከተልን ያነሣል። በስሙ የቀረው አንዱ ትርጓሜ ብቻ ነው። ይሄ ሁሌ ያሳዝነኛል፤ የድሀው ነገር ተረሳ።

አንባቢው፦
እውነት ነው፣ ግን ዮሐንስ አፈወርቅን አንለፈው። ሮሜ 1ን ሲተረጉም በ4ኛው ድርሳኑ ወንድ ከወንድ ጋር መተኛትን አጥብቆ ያወግዛል። ለስለስ ያለ ቃል እሱ ዘንድ አይገኝም። ይህን መደበቅ ለእህታችንም አይጠቅማትም። አውግስጢኖስም «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ የሰዶም ሰዎችን ሥራ ይኮንናል። በዝርዝሩ ግን ሁሌ አይስማሙም። ሮሜ 1፥26 ላይ ስላሉት ሴቶች አፈወርቅ ሴት ከሴት ጋር ብሎ ሲረዳ፣ አውግስጢኖስ ሴት ከወንድ ጋር ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ የምታደርገው ነው ይላል። ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች የትምህርት መጽሐፍ ደግሞ በስም ለይቶ የሚከለክለው ወንድ ልጆችን ማርከስን ነው።

ወለተ ማርያም፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሞቼ። ዛሬ ጠዋት ደወልኩላትና የቀሌምንጦስን ነገርኳት። ደስ አላት። ትንሽ ቆይታ «አፈወርቅስ?» አለችኝ። እሱንም ነገርኳት። ዓርብ ሁለቱንም ጎን ለጎን እናነባለን። ሕዝቅኤልን እኔ አነባለሁ ብላለች።