ሩዝ ማሳ ላይ ውሃ እየተቆራረጠ እየተሰጠ የወባ ትንኝ እጭ ለምን አይጠፋም?

ጥያቄ፦
ውሃው ተለቆ ከሦስት ቀን በኋላም እጭ ይታያል። የበለጠ እንዳይደርቅ ደግሞ ለሩዙ ያሰጋል። ስንት ቀን ይድረቅ? ቢቲአይስ (ከባክቴሪያ የሚሠራው የእጭ ማጥፊያ) ይጨመርበት?

መልስ 1፦
ቀን ከመቁጠር በፊት መሬቱን እዩት። እጩ የሚተርፈው ውሃ በቋጠረ ኮቴና በማሳው ጥግ ባለ ጎድጓዳ ነው። እንዲያውም ውሃው ሲጎድል ሁሉም እዚያች ላይ ይጠራቀማል። ከመትከል በፊት ጭቃውን በደንብ ማስተካከልና ውሃው ጨርሶ የሚወጣበት ፈፋ ማበጀት ይቀድማል። በሞቃት አየር ትንኟ ከእንቁላል ክንፍ እስክታወጣ ከ7 እስከ 14 ቀን ይበቃታል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ አንዴ ጭቃው ብቻ እስኪቀር መድረቅ አለበት። በአሥር ቀን አንዴ ከሆነ ግን ቀድማ በርራለች።

መልስ 2፦
ለሩዙ ስጋት መፍትሔው ውሃው ከአፈሩ በታች ምን ያህል እንደወረደ የሚያሳይ የተበሳ ቱቦ ነው። ርዝመቱ 30 ሳ.ሜ.፣ ስፋቱ 15 ሳ.ሜ. ይሁን፤ የተበሳው ግማሹ ይቀበርና ውስጡ ያለው አፈር ተዝቆ ይውጣ (ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ቱቦው ምንም አያሳይም)። ውሃው ከአፈሩ ገጽ 15 ሳ.ሜ. ዝቅ ሲል እንደገና 5 ሳ.ሜ. እስኪቆም ይሞላ። ከአበባ በፊትና በኋላ አንድ አንድ ሳምንት ግን አይድረቅ፣ ፍሬው ይመክናል።

መልስ 3፦
ቢቲአይ የሚያስፈልገው ችግኙ ከተተከለ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ነው። ያኔ ለአረም ሲባል ውሃው አይለቀቅም፣ ፀሐይም በቀጥታ ያገኘዋል፤ ብዙዎቹ የወባ ትንኝ ዝርያዎች ደግሞ ፀሐያማ ውሃ ይወዳሉ። መድኃኒቱ የሚገድለው ሲበላ ብቻ ስለሆነ ሙሽሬውን (እጩ ትንኝ ከመሆኑ በፊት ያለውን፣ የማይበላውን ደረጃ) አይነካውም። መጠኑ በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ይሁን፣ በየሳምንቱም ይደገም። ቅጠሉ ከበዛ ከፈሳሹ ጠጣሩ ይሻላል፣ በቅጠሉ መሃል ወደ ውሃው ይወርዳል። በሁለተኛው ቀን በነጭ ጭልፋ ከማሳው ዳር ጨልፋችሁ ፈትሹ፤ ጥላችሁ ውሃው ላይ አይረፍ፣ እጩ ወዲያው ይሰምጣል። ሙሽሬ ብቻ ካገኛችሁ የዘገያችሁት እናንተ ናችሁ። ትልልቅ እጭ በሕይወት ካለ ግን መጠኑ አንሷል ወይም መድኃኒቱ ሁሉም ቦታ አልደረሰም።

መልስ 1፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ ለሩዝ ተባይ ብላችሁ ፓይረትሮይድ አትርጩ። እጩን የሚበሉትን የውሃ ተርብ ልጆች ይፈጃል፤ ከዚያም በላይ ትንኟን ያለማምዳታል። አጎበር የሚነከረውም በዚያው ዓይነት መድኃኒት ነው።