ኡቡንቱ ለገባበት መሥሪያ ቤት፦ ሊብረኦፊስ ወይስ ኦንሊኦፊስ? (ክርክር)

መዝገብ ቤት፦
የክርክሩ መነሻ ይህ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆሟል፤ የኦፊስ 2016 እና የ2019ም በዚያው ቀን። በየመሥሪያ ቤቱ ካሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ ስለሌላቸው ወደ ዊንዶውስ 11 በወጉ አይሻገሩም። ላያቸው ላይ የተጫነው ኦፊስም፣ እንተማመን፣ ክራክ የሆነው አይጠፋም። እንግዲህ 40 ኮምፒውተር አለ እንበል፤ ከፊሉ ባለ 4 ከፊሉ ባለ 8 ጊጋ ራም፣ ሁሉም ላይ ኡቡንቱ 24.04 የተባለው ነጻ የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊጫን ነው። ደብዳቤው በአማርኛ፣ ፔይሮሉ በኤክሴል፣ ከውጭ የሚመጣው ፋይል በሙሉ ዶክኤክስ፣ የማይክሮሶፍት ወርድ ፎርማት። ከሁለቱ ነጻ የቢሮ ፕሮግራሞች፣ ከሊብረኦፊስና ከኦንሊኦፊስ፣ የቱ ይጫን? «ሁለቱንም» የሚል መልስ አልቀበልም፤ ሥልጠናውም ድጋፉም የሚሰጠው በአንዱ ነው።

ነጻ ኮድ፦
ሊብረኦፊስ፣ ያለ ጥርጥር። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ ስሪት ያወጣል። የራሱ ፎርማት ኦዲኤፍ ከ2006 ጀምሮ የአይኤስኦ ደረጃ ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላም የሚከፍተው ሰው አይጠፋም። ስም እንዳያሳስታችሁ ግን፦ «ኦፕንኦፊስ» ብላችሁ ፈልጋችሁ የአፓቼውን እንዳትጭኑ። ዶክኤክስ ይከፍታል እንጂ በዶክኤክስ አያስቀምጥም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ 24.04 ሲጫን «ዲፎልት ሰሌክሽን» ከተመረጠ ሊብረኦፊስ አብሮ አይመጣም። «ኤክስቴንድድ ሰሌክሽን» የሚለውን ምረጡ፤ ካለፋችሁት ደግሞ በ40ው ላይ ለየብቻ ማውረድ ነው።

ኬብል፦
ነጻ ኮድ የሚከራከረው ስለ ፎርማቱ ነው፤ የተጠየቀው ስለ ቢሮው ነው። ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ዶክኤክስ ከሆነ፣ ውስጡም በዚያው ፎርማት የሚሠራ ፕሮግራም ነው የሚሻለው። ኦንሊኦፊስ ፋይሉን የሚይዘው በማይክሮሶፍት ፎርማት ነው፤ ሊብረኦፊስ ሲከፍት ወደ ራሱ አሠራር ይተረጉማል፣ ሲያስቀምጥ መልሶ ይተረጉማል። ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ የጨረታ ሰነድ ላይ ያለው ተራ ቁጥር ከ3.2 ወደ 1 ሲመለስ፣ ወይም የሠንጠረዡ ሳጥን ከገጹ ኅዳግ ሲወጣ የምታዩት ለዚህ ነው። ኮዱም ክፍት ነው፣ ፈቃዱ ኤጂፒኤል። መልኩ ለኦፊስ ተጠቃሚ አዲስ አይሆንበትም፤ ሥልጠናው ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ነጻ ኮድ፦
ያው ክርክር በግልባጩ ይሠራል። ኦንሊኦፊስ ላይ ኦዲቲ፣ የሊብረኦፊስን የጽሑፍ ፋይል፣ ስትከፍት የሚተረጉመው እሱ ነው፤ የሚያበላሸውም እሱ ነው። ሌላው ራም ነው። ኦንሊኦፊስ በውስጡ የብራውዘር ሞተር ተሸክሞ ነው የሚነሳው። ባለ 4 ጊጋው ኮምፒውተር ላይ ብራውዘር፣ ቴሌግራም እና ኦንሊኦፊስ አንድ ላይ ክፈትና የሚሆነውን እይ። ለመልኩም ቢሆን ሊብረኦፊስ «ቪው»፣ «ዩዘር ኢንተርፌስ»፣ «ታብድ» ካልከው እንደ ኦፊስ ያለውን የላይ ሪባን ያመጣልሃል። ነባሪ ፎርማቱንም «ቱልስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሎድ/ሴቭ»፣ «ጀነራል» ውስጥ ገብተህ ወደ ዶክኤክስ ቀይረው፤ የካልኩን፣ የሊብረኦፊስን የሠንጠረዥ ፕሮግራም፣ ለብቻው ወደ ኤክሴሉ ፎርማት ኤክስኤልኤስኤክስ። ይህን ሳያደርጉ ወደ ውጭ የላኩት ኦዲቲ ነው «አይከፈትም» ተብሎ የሚመለሰው።

ጽሕፈት፦
ሁለታችሁም ዋናውን ዘላችሁታል። የአማርኛ ደብዳቤ የሚበላሸው በፕሮግራሙ ሳይሆን በፎንቱ ነው።

በዊንዶውስ ላይ በኒያላ የተጻፈ ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ እንውሰድ። ኒያላ የማይክሮሶፍት ንብረት ስለሆነ ከኡቡንቱ ጋር አይመጣም። ፕሮግራሙ ያገኘውን ሌላ የግዕዝ ፎንት ይተካል፣ ብዙ ጊዜ ኖቶን። ኒያላ በ12 ነጥብ ጠበብ ያለ ትንሽ ፊደል ነው፤ የሚተካው ሰፋ ይላል፣ የመስመር ክፍተቱም ከፍ ይላል። በየአንቀጹ አንድ አንድ መስመር ይጨመራል፣ «ከሰላምታ ጋር» የሚለው ከነፊርማው ቦታ ሁለተኛ ገጽ ላይ ይወድቃል፣ የግርጌው አድራሻም ባዶ ወረቀት ላይ ብቻውን ይቀራል። ኦንሊኦፊስም ሊብረኦፊስም ያው ናቸው፤ ሌላው ቢቀር ዊንዶውስ 10 ራሱ ኒያላን እንደ ተጨማሪ ፎንት ነው የሚያስጭነው።

መፍትሔው አንድ ነጻ ፎንት መርጦ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ፣ በኡቡንቱውም ገና ባልተቀየሩት ዊንዶውሶችም ላይ መጫን ነው። የደብዳቤው ቴምፕሌት ላይ የመስመር ክፍተቱን «ሲንግል» ከማድረግ «ፊክስድ» አድርጉና ቁጥር ስጡት፤ ለ12 ነጥብ ፊደል 18 ነጥብ ብላችሁ ጀምሩ። ያኔ ክፍተቱን የሚወስነው ፎንቱ ሳይሆን እናንተ ናችሁ። ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ግን በፒዲኤፍ ይውጣ፤ በቀላሉ አይነካካም።

ኬብል፦
በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የላቲኑንም እጨምራለሁ፦ ለካሊብሪ ካርሊቶ፣ ለካምብሪያ ካላዴያ፣ ለታይምስ ኒው ሮማን ሊበሬሽን ሰሪፍ። ስፋታቸው ከዋናዎቹ ጋር እኩል ስለሆነ መስመሩ የሚሰበርበት ቦታ አይቀየርም። የአዲሱ ኦፊስ ነባሪ ፎንት አፕቶስ ግን እንዲህ ያለ ልክ ተተኪ የለውም። ሊብረኦፊስ ለመረጠ ሰው «ኦፕሽንስ»፣ «ፎንትስ» ውስጥ የመተኪያ ሠንጠረዥ አለ። እዚያ «ስክሪን ኦንሊ» የሚለውን አትንኩ፤ ስክሪን ላይ ያማረው ፕሪንተር ላይ ሌላ ሆኖ ይወጣል።

ጥግ ያዥ፦
ስለ ዩኒኮዱ፣ በአዲሱ የጋራ የፊደል ኮድ ስለተጻፈው፣ አወራችሁ። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈው የ20 ዓመት ክምችትስ? ሊኑክስ ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የሚሆነው። ሰው ፋይሉ የተበላሸ መስሎት ያጠፋዋል።

ጽሕፈት፦
ፋይሉ አልተበላሸም። የድሮዎቹ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። አንድ ፎንት ፊደሉን ሁሉ ስለማይችለው በሁለት በሦስት የተከፋፈለም አለ። ስለዚህ አንዱ ኮድ በአንዱ ፎንት «ለ»፣ በሌላው ሌላ ፊደል ሊሆን ይችላል። ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ኖትፓድ ላይ መለጠፍ ትልቁ ስሕተት ነው፤ የፎንቱ ስም ሲጠፋ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል። ፎርማቱን እንደያዘ፣ የፎንት ስም በሚያነብ መለወጫ ነው ወደ ዩኒኮድ የሚመለሰው። ይህ ሥራ ዊንዶውሱ ከመነሳቱ በፊት ማለቅ አለበት። ለንባብ ብቻ የሚፈለገውን እዚያው ዊንዶውሱ ላይ ፒዲኤፍ አድርጉት፤ ሁሉን ልለውጥ ያለ አይጨርስም።

ሠንጠረዥ፦
ደብዳቤው ተቃና እንበል። ፔይሮሉ ጋ ስንመጣ ግን ሁለቱም ያነክሳሉ።

አንደኛ፣ ማክሮ፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚሠራ ኮድ። ኦንሊኦፊስ ቪቢኤን፣ የኤክሴልን የማክሮ ቋንቋ፣ አያስኬድም፤ ማክሮው በጃቫስክሪፕት እንደ አዲስ ይጻፋል። ሊብረኦፊስ ቀላል ቀላሉን ቪቢኤ ያስኬዳል፤ አክቲቭኤክስ ቁልፍ ወይም የዊንዶውስን የራሱን ተግባር የሚጠራ ኮድ ያለበት ግን ይቆማል። ፓወር ኩዌሪ፣ የኤክሴል የመረጃ ማስገቢያ፣ ካልክ ላይ ጭራሽ የለም። ሁለተኛ፣ ኤክስሉክአፕ፣ ከሠንጠረዥ ፈልጎ የሚያመጣው የኤክሴል ቀመር። ሊብረኦፊስ ላይ የገባው በ24.8 ነው፤ ኡቡንቱ 24.04 ይዞት የሚመጣው 24.2 ነው። ስለዚህ በአዲስ ኤክሴል የተሠራው የደመወዝ ሠንጠረዥ ሲከፈትና እንደገና ሲሰላ የስሕተት ምልክት ይደረድራል። ኦንሊኦፊስ ላይ ግን ይሠራል፤ እዚህ ላይ ነጥቡ የኬብል ነው።

ነጻ ኮድ፦
አዲሱን ስሪት ፍላትፓክ በተባለው የሊኑክስ መጫኛ መጫን ይቻላል። ወይም ኤክስሉክአፑን በኢንዴክስና ማች ተካው፤ በሁሉም ላይ፣ በአሮጌው ኤክሴልም ጭምር ይሠራል። አንድ ዓምድ ቀመር ለመቀየር ብሎ የ40 ኮምፒውተር ውሳኔ አይቀየርም። ፈተናው ደግሞ ቀላል ነው፦ የአንድ ያለፈ ወር ፔይሮል በአዲሱ ፕሮግራም እንደገና ይሰላ። የሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ፣ የአሠሪው 11 በመቶ፣ ግብሩ፣ የተጣራው፤ አራቱ ድምሮች እስከ ሳንቲም ከታተመው ጋር ይግጠሙ። አንድ ሳንቲም ከሸሸ የማጠጋጊያውን ቀመር ፈልግ።

ጥግ ያዥ፦
ይህን ሁሉ ጣጣ ከምትሸከሙ ደብሊውፒኤስ የተባለ የቢሮ ፕሮግራም አለላችሁ። ሊኑክስ ላይ ይጫናል፣ ቁርጥ ኤክሴልን ይመስላል።

ነጻ ኮድ፦
ዝግ ኮድ ነው። ከአንዱ ኩባንያ ጥገኝነት ወጥተህ ሌላው እጅ ለመግባት ከሆነ ኡቡንቱው ለምን አስፈለገ?

ጥግ ያዥ፦
የጀርመኗ ሙኒክ ከተማስ? በ2003 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሊኑክስ ወሰነች፣ በ2013 ጨረስኩ አለች፣ በ2017 ምክር ቤቷ ወደ ዊንዶውስ እንመለስ ብሎ ወሰነ። ጀርመን ያልቻለችውን እኛ በ40 ኮምፒውተር?

ኬብል፦
ጀርመን እዚያ አላቆመችም። ሽሌስቪግ ሆልሽታይን የተባለው ግዛት በ2024 (እ.ኤ.አ.) 30,000 ገደማ ኮምፒውተር ወደ ሊብረኦፊስ እንዲዞር ወስኗል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ ቢሮ ፕሮግራሙን አስቀደሙ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን አስከተሉ። ሊብረኦፊስም ኦንሊኦፊስም ዊንዶውስ ላይ ይሠራሉ። መጀመሪያ ሰውን እዚያው በለመደው ዊንዶውስ ላይ አለማምዱ፣ ከሦስት ወር በኋላ ከሥር ያለውን ቀይሩ። ሁለቱን በአንድ ቀን ከቀየራችሁ «ፕሪንት እንቢ አለ» የሚለው ስልክ የየትኛው ጥፋት እንደሆነ አታውቁም።

መዝገብ ቤት፦
ጥሩ ሐሳብ። አማርኛ መጻፉስ? ኪቦርዱ በሁለቱም እኩል ይሠራል?

ጽሕፈት፦
ይህ ከመወሰናችሁ በፊት በእጅ የሚሞከር ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል ከ200 በላይ ስለሆነ አንድ ቁልፍ ለአንድ ፊደል አይበቃም። ሊኑክስ ላይ አይባስ በሚባለው የጽሑፍ ማስገቢያ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ኪማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራምም በዚያው በኩል ነው የሚገባው። ሊብረኦፊስ ከአይባስ ጋር ይግባባል። ኦንሊኦፊስ ላይ ግን የምትጭኑትን ስሪት ራሱን ሞክሩት፦ «ሰላም» ብላችሁ ጻፉ፣ «ላ»ን አጥፍታችሁ «ሌ» አድርጉ፣ ከዚያ በሠንጠረዥ ሳጥን ውስጥና በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ ድገሙት። «ስኧላም» ዓይነት ነገር ካወጣ ወይም ፊደሉ ሁለት ጊዜ ከገባ ለአማርኛ ቢሮ አይሆንም፤ ሌላው ብልጫው ሁሉ ዋጋ የለውም።

በዚያው ስለ ፍለጋ፦ ሊብረኦፊስ «ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» ላይ «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» የሚለውን አብሩና [ሥስ]ራ ብላችሁ ፈልጉ። ሥራም ስራም አንድ ላይ ይወጣሉ። ኃይሌን በሦስት ዓይነት «ሀ» ለሚጽፍ መሥሪያ ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሠንጠረዥ፦
ቀኑን ረሳችሁት። የኢትዮጵያን ቀን እንደ ተራ ቀን ሳጥን ውስጥ የሚጽፍ ሁሉ ሳያውቀው ስሕተት እየዘራ ነው። የፕሮግራሙ የአገር ቅንብር የእንግሊዝ ሆኖ ጥቅምት 30 ቀን 2017ን 30/02/2017 ብላችሁ ጻፉ። የካቲት መስሎት፣ ማለቴ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ፣ 30 ስለሌለው ጽሑፍ አድርጎ ወደ ግራ ያስጠጋዋል። 28/02 ግን ቀን ሆኖ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስትደረድሩት ሁለቱ ይለያያሉ። የአሜሪካ ከሆነ ይብሳል፦ 05/13/2017፣ ጳጉሜን 5 ማለታችሁ፣ ሜይ 13 ሆኖ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

በሦስት ዓምድ ጻፉት፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። በአራተኛው፦ ዓመቱ ሲባዛ በ365፣ ሲደመር ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ሙሉ ቁጥሩ ብቻ፣ ሲደመር ወሩ ሲባዛ በ30፣ ሲደመር ቀኑ። የሁለት ቀኖች ርቀት የሁለቱ ልዩነት ነው፤ የዓመት ፈቃድም የቅጣት ቀንም በዚህ ይሰላል። ከውጤቱ 691194 ቀንሳችሁ ሳጥኑን የቀን ፎርማት ስትሰጡት የፈረንጁ ቀን ይወጣል። ጥር 11 ቀን 2017 736870 ይሆናል፤ ሲቀነስ 45676፣ እሱም ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነው። ኤክሴልም፣ ካልክም፣ ኦንሊኦፊስም ላይ ያው ነው።

ጥግ ያዥ፦
ጳጉሜን 6 ሲመጣስ?

ሠንጠረዥ፦
ወሩን 13፣ ቀኑን 6 ብለህ አስገባ። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፍበት ነው፣ እንደ 2015። የሚቀጥለው መስከረም 1 ላይ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚወጣው ሙሉ ቁጥር በአንድ ስለሚጨምር ቀኑ አይዘለልም፣ አይደገምም።

ኬብል፦
የአይባሱን ሙከራ ካለፈና ራሙ 8 ከሆነ፣ ከውጭ ጋር ብዙ ለሚጻጻፈው ክፍል አሁንም ኦንሊኦፊስ ነው የምለው። ባለ 4 ጊጋዎቹ ላይ ለነጻ ኮድ እለቃለሁ።

መዝገብ ቤት፦
«ሁለቱንም» አይቻልም ብዬ ነበር።

ኬብል፦
ራም ግዛ እንግዲህ።