ቦይለሩና የውሃ ማሞቂያው ተምታቱብኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ቦስተን ነው፤ በቅርቡ አሮጌ ቤት ገዝተን ገባን። አዲስ አበባ እያለን ቦይለር የምንለው መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ነበር አይደል? እናም የሻወሩ ውሃ ሲያስቸግረኝ ባለሙያ ጠርቼ «ቦይለሩ ተበላሽቷል» አልኩት። አየት አደረገና «ምንም አልሆነም» ብሎ፣ የመጣበትን አስከፍሎኝ ሄደ። አናደደኝ!

ለካ ምድር ቤት ያሉት ሁለት ናቸው። እዚህ ቦይለር የሚሉት ቤቱን የሚያሞቀውን ነው። የሱ ውሃ በራዲያተሮቹ፣ ማለትም ክፍሎቹን በሚያሞቁት ብረቶች ውስጥ ዞሮ ተመልሶ ይመጣል እንጂ ቧንቧ ላይ አይደርስም። ሌላው 50 ጋሎን፣ ማለትም 190 ሊትር ገደማ የሚይዝ ታንከር ነው። የሻወሩና የወጥ ቤቱ ሙቅ ውሃ የሚመጣው ከዚያ ነው። ራዲያተሩ እየፈጀ እኔ ሻወር ውስጥ የምንዘፈዘፈው ለካ ለዚህ ነው።

እዚህ ድረስ ገብቶኛል። ችግሩ፣ ታንከሩ በጋዝ ነው የሚሠራው፣ እሳቱም ይነዳል፣ ሙቀቱም 120 ፋራናይት ላይ ነው። ግን 5 ደቂቃ ሞቆ ይቀዘቅዛል። ደግሞ ሲሞቅ ከሥሩ ይንተከተካል። ዝቃጭ ይሆን? ከታች ያለውን ቧንቧ ከፍቼ ባጥበው ይሻለዋል ወይስ አርጅቷል?

ጎረቤቴ ደግሞ «ሁለቱንም አውጥተህ ሁለቱንም ሥራ የሚሠራ ኮምቢ ቦይለር አስገባ» ይለኛል። ያስገባችሁ ካላችሁ፣ በክረምት ሁለት ሰው እኩል ሻወር ሲወስድ ይበቃል? እኛ ቤት አምስት ነን።