በጸደይ በረዶ ሁለቴ ተመለስኩ፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ወገኖች፣ ልምድ ያላችሁ እስቲ አንድ በሉኝ። አንዱን የተራራ መንገድ ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴም ከግማሽ ተመለስኩ። ታች መሬቱ ደርቆ አበባ አውጥቷል። ላይ ግን፣ በተለይ ፀሐይ በማያገኘው በኩል፣ ገና በረዶ ነው።

መጀመሪያ ቀን አርፍጄ ወጣሁ። ከሰዓት 8 ሰዓት ሲሆን በረዶው ላልቶ በየእርምጃው እስከ ጉልበቴ እሰምጥ ጀመር። አንዴማ እግሬ ከቋጥኝ ጥግ ባለ ክፍተት ገብቶ ቅልጥሜ ተላጠ። ጫማዬን በእጄ ቆፍሬ ነው ያወጣሁት።

በሁለተኛው ቀን ብልጥ ሆንኩ ብዬ በ12 ሰዓት ንጋት ላይ ተነሳሁ። በረዶው ሌሊቱን ረግቶ መስታወት ሆኖ ጠበቀኝ! ጫማዬ ጭራሽ አልቆነጥጥ አለ።

ተዳፋቱ 35 ዲግሪ ገደማ ነው። የበረዶ ናዳ የሚበዛው ደግሞ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ላይ ነው፤ እሱም ያሳስበኛል። ጫማ ላይ የሚታሰረው የብረት ጥርስ ብቻውን ይበቃል ወይስ የበረዶ መጥረቢያም ግድ ነው? መጥረቢያ ይዤ አላውቅም፤ ስወድቅ ራሴን እንዳልወጋበት እፈራለሁ። ስንት ሰዓት ላይ ነው በረዶው ልኩን የሚይዘው? ጅረቱን የሸፈነው በረዶስ ይረገጣል? ከሥሩ ውሃው ሲንፎለፎል ይሰማኛል። ጥቂት ሳምንት ጠብቅ ካላችሁኝም አልከፋም።