የፑሽኪን ቅድመ አያት ከየት ነው? የሚጋጩትን የቤተሰብ ሰነዶች እንዴት እንመዝን?

ጥያቄ (ብራና ፈላጊ)

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

የሩሲያዊው ባለቅኔ የአሌክሳንደር ፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ሃኒባል ሐበሻ ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። አዲስ አበባ ውስጥ በባለቅኔው ስም የተሰየመ አደባባይ አለ፤ አስመራም እ.ኤ.አ. በ2009 ሐውልት አቁማለታለች። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ ቤተሰቡ ራሱ የተዋቸውን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብ፣ ሰውየው ከየት እንደ መጣ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደ መጣ እንኳ የማይስማሙ ሆነው አገኘኋቸው። ስለዚህ የታሪክ ሰነድ በመመርመር የቆያችሁ ሰዎች ሚዛኑን እንድታሳዩኝ እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው ሰነድ ሃኒባል ራሱ በ1742 መኳንንትነቱ እንዲረጋገጥለትና የቤተሰብ ዓርማ እንዲፈቀድለት ለሩሲያ ሴኔት ያቀረበው ማመልከቻ ነው። በዚህ ማመልከቻ የአፍሪካ ተወላጅና የአገሩ መኳንንት ዘር መሆኑን፣ በአባቱ ግዛት ላጎን በምትባል ከተማ መወለዱን፣ አባቱም ከእርሷ ሌላ ሁለት ከተሞች ያስተዳድር እንደ ነበር ይገልጻል። ወደ ሩሲያ የመጣውም ገና በልጅነቱ፣ በ1706፣ በሩሲያ አገልግሎት ከነበረው ነጋዴና መልእክተኛ ከሳቫ ቭላዲስላቪች ጋር ከቁስጥንጥንያ ተነሥቶ በገዛ ፈቃዱ እንደ ሆነ ይናገራል።

ሁለተኛው ሃኒባል በ1781 ከሞተ በኋላ የሴት ልጁ ባል ሮትኪርህ በጀርመንኛ የጻፈው የሕይወት ታሪክ ሲሆን፣ አባቱን የአቢሲኒያ ኃያል መስፍን፣ የኦቶማን ሱልጣን ገባር፣ ከዚያም አልፎ የካርታጎው የጦር መሪ የሃኒባል ዘር ያደርገዋል። ሦስተኛው የልጁ የፒዮትር አጭር ማስታወሻ ነው፤ አባቱ በመያዣነት ለቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት ተሰጥቶ እንደ ነበርና ከዚያ ተሰርቆ ለታላቁ ጴጥሮስ እንደ ተላከ ይተርካል። አራተኛው ፑሽኪን በ1825 ባሳተመው የግጥም ልብ ወለድ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ የጨመረው ማስታወሻ ነው፤ ይህ ደግሞ ልጁ በስምንት ዓመቱ ከአፍሪካ የባሕር ዳርቻ ተጠልፎ እንደ ተወሰደ ይናገራል።

አንዱ በፈቃዱ መጣ ይላል፣ አንዱ መያዣ ሆኖ፣ አንዱ ደግሞ ተጠልፎ። ከእነዚህ መካከል ሚዛን የሚደፋው የትኛው ነው? አቢሲኒያ የሚለውስ ነገር በስንት ምስክር ይቆማል?

መልስ (የመዝገብ ቤት ሰው)

ጥያቄዎን በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ልጀምር፤ ቁልፉ እዚያ ነውና። በጽሑፍ ተደጋግሞ መገኘትና በብዙ ምስክር መረጋገጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እርስዎ ከዘረዘሯቸው አራት ሰነዶች መካከል አቢሲኒያ የሚለውን ስም የያዘው የአማቹ የጀርመንኛ ጽሑፍ ብቻ እንደ ሆነ ልብ ይበሉ፤ ሃኒባል በ1742 አገሩን በስም አልጠራም፣ የፑሽኪን የ1825 ማስታወሻም ቢሆን ከአፍሪካ ዳርቻ ከማለት አያልፍም። ፑሽኪን የጀርመንኛውን ጽሑፍ አግኝቶ ወደ ሩሲያኛ አሳጥሮ የገለበጠው ስለ ሆነ፣ ከዚያ የወሰደውን ሁሉ እንደ ሁለተኛ ምስክር ልንቆጥርለት አንችልም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጸሐፍትም እንዲሁ ከዚያው ምንጭ የጠጡ ናቸው። ስለዚህ አቢሲኒያን በተመለከተ በእጃችን ያለው ምስክር አንድ ነው፤ እርሱም በቦታው ያልነበረ፣ የሰማውን ከሰባ ዓመት በላይ ዘግይቶ የጻፈ ሰው ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ አንድን ሰነድ በጅምላ እውነተኛ ወይም ሐሰተኛ ብሎ መፈረጅ አይገባም፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ቃል ለየብቻው ይመዘናል። የ1742ቱን ማመልከቻ እንውሰድ። አመልካቹ የሚፈልገው መኳንንትነቱ እንዲታወቅለት ነው፤ እንደ ዕቃ ተገዝቶ የመጣ ልጅ ነበርኩ ብሎ ቢጽፍ ጉዳዩን በገዛ እጁ ያበላሸዋል። በመሆኑም በገዛ ፈቃዴ መጣሁ የሚለውንና ስለ አባቱ ሥልጣን የሚናገረውን በጥርጣሬ ማየት ተገቢ ነው። የከተማዋ ስም ግን ምንም ጥቅም አያስገኝለትም። ሴኔቱ ላጎንን አያውቃት፣ አጣርቶም ሊደርስባት አይችል፤ አመልካቹ ሊያስደምም ቢፈልግ ኖሮ ዝናው አውሮፓ የደረሰ ቦታ ይጠራ ነበር። ገና በልጅነቱ ከቤቱ የተወሰደ ሰው የከተማውን ስም አስታውሶ የመንግሥቱን ስም አለማወቁም የሚያስገርም አይደለም። ለእኔ ከአራቱ ሰነዶች ሁሉ እጅግ ጠንካራው ቃል ይህ ስም ነው።

ይህን ስል የሰውየው ቃል ሁሉ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። መጣሁ ያለው በ1706 ቢሆንም በጊዜው የተጻፉት ደብዳቤዎች ልጁ በ1704 ሩሲያ እንደ ገባ ያሳያሉ፤ የሁለት ዓመት ስሕተት ከአርባ ዓመት በኋላ ከትዝታ ለሚጽፍ ሰው ብዙ አይደለም። የአማቹ ጽሑፍ ግን ሃኒባል የሞተው በ93ኛ ዓመቱ ነው ይላል። ይህ እውነት ከሆነ ልጁ ሩሲያ ሲገባ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል ማለት ነው፤ ያው ጽሑፍ ደግሞ በስምንተኛ ዓመቱ ከአባቱ ቤት እንደ ወጣ ስለሚተርክ፣ በቁስጥንጥንያ ያን ያህል ረጅም ጊዜ ቆየ ካላልን በቀር የራሱ ሒሳብ አይገጥምም። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የልደቱን ዓመት ወደ 1696 የሚያቀርቡት ለዚህ ነው።

በድንጋይ የተቀረጸ ነገርም አያታልልዎት። ልጁ በተጠመቀበት በቪልኒየስ ቤተ ክርስቲያን ላይ የተለጠፈው ጽላት ጥምቀቱን በ1705 ያደርገዋል፤ ፑሽኪን በበኩሉ 1707 ይላል። በዚህ ክርክር ብዙዎች ጽላቱን ይመርጣሉ፤ ነገር ግን ጽላቱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፣ ሃኒባልንም የባለቅኔው ቅድመ አያት በማለት ፈንታ አያቱ ይለዋል።

መልስ (የመረብ ማዶ)

ከላይ የተሰጠው መልስ በአብዛኛው ያስማማኛል፤ እኔ የምጨምረው የአማቹን ትረካ ከዘመኑ ታሪክ ጋር ማስተያየት ነው። ሃኒባል በተወለደበት ጊዜ በጎንደር የነገሠው ቀዳማዊ ኢያሱ (1682–1706) ነበር፤ ደጋው አገር ለኦቶማን አይገብርም። ኦቶማኖች ምጽዋን በ1557 ይዘው ለጥቂት ጊዜ ወደ ድባርዋ ቢዘልቁም፣ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ከተመቱ በኋላ ቁጥጥራቸው በባሕሩ ጠረፍ ተወስኖ ቀርቷል። ስለዚህ የሱልጣኑ ገባር የሆነ የአቢሲኒያ መስፍን ከተፈለገ የሚፈለገው ከጠረፉ አካባቢ እንጂ ከደጋው አይደለም። በፑሽኪን ማስታወሻ እንደ ተጻፈው ሃኒባል እስከ እርጅናው ድረስ አሥራ ዘጠኝ ወንድሞቹን ያስታውስ ነበር፤ እርሱ የሁሉም ታናሽ ነው፣ አባቱም ብዙ ሚስቶች ነበሩት ይባላል። ይህም ከክርስቲያን ባላባት ቤት ይልቅ ወደ ሌላ ቤት የሚያመለክት ይመስለኛል።

ሩሲያዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዲሚትሪ አኑቺን የፑሽኪን መቶኛ የልደት በዓል በተከበረበት በ1899 ላጎንን በመረብ አካባቢ ካለችው ሎጎ ጋር አገናኝቶ ሃኒባልን የሐማሴን ሰው አደረገው፤ እኛም አገር የተስፋፋው አስተያየት ከዚህ የመነጨ ነው። ነገር ግን አኑቺን የስም መመሳሰልን ብቻ ይዞ አልተነሣም። ከጥቁር አፍሪካዊ ዘር እንዲህ ያለ ባለቅኔ ሊወጣ አይችልም የሚል የዘመኑ የዘር ትምህርት አድሮበት ስለ ነበር፣ ሐበሾችን ከሌሎች አፍሪካውያን ነጥሎ ለፑሽኪን የተሻለ የዘር ሐረግ መፈለጉ በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ይታያል። እንዲህ ካለው ክርክር የተገኘ ውጤት ለእኛ ክብር ይሰጣል ብዬ አላምንም።

የቤኒኑ ተመራማሪ ዲዮዶኔ ግናማንኩ በ1996 ያቀረበው ሐሳብ ግን ስሙን ብዙ ሳይጠመዝዝ ያነብበዋል፤ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ፣ ዛሬ ሰሜን ካሜሩን ውስጥ፣ የኮቶኮ ሱልጣኔት መዲና የነበረች ሎጎኔ-ቢርኒ የምትባል ከተማ አለች። ከዚያ አካባቢ የሚነሣው የባሪያ ንግድ መንገድ በበረሃው አልፎ ትሪፖሊ ይደርሳል፤ ትሪፖሊ ደግሞ በኦቶማን ሥር ስለ ነበረች ልጁ ቁስጥንጥንያ እንዴት ደረሰ ለሚለው ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ይሰጣል።

መልስ (ተጠራጣሪው)

ወደ ሎጎኔ ስንዞርም ያንኑ ሚዛን እንያዝ። ሎጎኔም ቢሆን ከስም መመሳሰል የተነሣ ሐሳብ ነው፤ ደራሲው ቭላዲሚር ናቦኮቭ ስለ ፑሽኪን ሥራ በ1964 ባሳተመው ሐተታ የሎጎኔን አካባቢ እንደ አንድ አማራጭ ሲያነሣ፣ በዚህ መንገድ መገመት ጊዜ ማባከን ነው ከማለት አልተመለሰም። በሃኒባል ዓርማ ላይ ከዝሆኑ ጋር የሚታዩትን አምስት የላቲን ፊደላት ግናማንኩ «ፉሞ» ብሎ አንብቦ ወደ ኮቶኮ ቋንቋ ይወስዳቸዋል፤ ሌሎች ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል የአንድ የላቲን ቃል መነሻ ነው፣ ዐረፍተ ነገሩም ዕድል ሕይወቴን ፈጽሞ ለወጠችው ማለት ነው ይላሉ። ሁለቱም ንባብ ያስኬዳል፤ በመሆኑም ለአንዱ ወገን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ከዚህም ሌላ፣ ሎጎኔ ኦቶማን ያስገበራት አገር ስላልነበረች በአማቹ ትረካ ያለው የገባርነት ታሪክ በዚያም በኩል አይገጥምም።

የጠረፉ ነገርም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በምጽዋ ዙሪያ ለኦቶማን የሚታዘዙ፣ ብዙ ሚስት የሚያገቡ እስላም አለቆች ነበሩና፣ ከላይ ሐማሴንን ለማውጣት የቀረቡት ነጥቦች ጠረፉን አያወጡትም። የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፤ ሎጎኔ ትቀድማለች፣ ጠረፉ ይከተላል፣ የደጋው ክርስቲያን መስፍን ልጅ የሚለው ግን ከሁሉም ደካማው ነው።

ጥያቄ (ብራና ፈላጊ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የፑሽኪን ተወላጆች ዛሬም በሕይወት አሉ፣ የእነርሱ የዘረመል ምርመራ ነገሩን አይቋጨውም?

መልስ (የመዝገብ ቤት ሰው)

የፑሽኪን ተወላጆች አይጠቅሙም፤ ፑሽኪን የሃኒባል ዘር የሆነው በእናቱ በናዴዥዳ በኩል ነው፤ እርሷ የኦሲፕ ልጅ፣ ኦሲፕም የአብራም ልጅ ናቸው። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞዞም ስለዚህ ወደ ባለቅኔው አልደረሰም፤ ከቅድመ አያት የሚወረሰው የቀረው ዘረመልም በአማካይ አንድ ስምንተኛ ስለ ሆነና በየትውልዱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ዛሬ ባሉት ልጆች ውስጥ የአፍሪካን አንድ አካባቢ ከሌላው ለመለየት የሚበቃ ቅሪት አይገኝም ማለት ይቻላል። የሚያስፈልገው ከአብራም ወንዶች ልጆች ከአንዱ ጀምሮ ወንድ ከወንድ ሳይቋረጥ የወረደ፣ ዝምድናውም በቤተ ክርስቲያን መዝገብ የተረጋገጠ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ከተገኘ ምርመራው በእርግጥ ይለያል። በሰሜን ካሜሩንና በቻድ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ሕዝቦች ዘንድ አር-ቪ88 የሚባለው የዋይ ክሮሞዞም ዘርፍ በብዛት የሚገኝ ሲሆን፣ በእኛ በኩል ግን እጅግ ብርቅ ነው፤ በኤርትራና በሰሜን ኢትዮጵያ የሚበዙት ኢ1ቢ1ቢ እና ጄ1 የሚባሉት ናቸው። አር-ቪ88 ከተገኘ የሎጎኔ ወገን ጉዳዩን ረታ ማለት ይቻላል። ኢ1ቢ1ቢ ቢገኝ ግን ይህ ዘርፍ በሰሜን አፍሪካም ስለሚበዛ፣ ንዑስ ዘርፉ ሳይታወቅ ለምጽዋ ጠረፍ መፍረድ አይቻልም።