ክቡ ማኅተም እንቁላል መሰለ፦ ሊኑክስ ሚንት ስክሪኔን 1024 በ768 ላይ አስቀርቶታል

ፔዳ_በር_ኮፒ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ፔዳ በር አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። ሊኑክስ ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ከዊንዶውስ የቀየርኩት በፍላሽ ቫይረስ ምክንያት ነው። አንዱ ተማሪ ፍላሹን ይሰካል፣ ከዚያ የቀጣዩ ተማሪ ፋይሎች ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይቀራሉ። የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ እኔ እጅ ላይ መበላሸቱ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ላፕቶፑ ሁለት የግራፊክስ ካርድ አለው፤ ኢንቴልም፣ ኤንቪዲያ ጂፎርስም። ስክሪኑ 1366 በ768 ነው። ሚንት 21.3ን ከፍላሽ በኮምፓቲቢሊቲ ሞድ አስነስቼ ጫንኩት። ተጭኖ ሲነሳ የሚንት ምልክት ብቅ አለና ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። አንድ ቪዲዮ ላይ በሪከቨሪ ሞድ ግቡና የግራብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ፋይል ውስጥ «ኖሞድሴት» የሚል ቃል ጨምሩ ሲል ሰማሁ። ጨመርኩ፣ ተነሳ።

አሁን ግን ሁሉም ነገር ወደ ጎን ተለጥጧል። ትናንት ከዘጌ የመጡ አንድ አባት የሰበካ ጉባኤ ደብዳቤ አስጻፉኝ። ስካን ያደረግኩት ክብ ማኅተም ስክሪኑ ላይ እንቁላል ሆነ። ጀልባው እንዳያመልጣቸው ቸኩለዋል፣ እኔ ደግሞ ሲታተም ምን እንደሚመስል እርግጠኛ አልሆንኩም። ወረቀቱ ላይ ክብ ሆኖ ወጣ፣ ተመስገን። ግን እንዲህ እየተጨነቁ መሥራት አይቻልም። ሪዞሉሽን ላይ ከ1024 በ768 ሌላ ምርጫ የለም። ብርሃኑ አይቀንስም። በኤችዲኤምአይ የምሰካው ሁለተኛ ሞኒተርም አይታይም፤ እሱ ደንበኛው ስጽፍ እያየ እንዲያርመኝ ያስቀመጥኩት ነው። የኤንቪዲያውን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ከድራይቨር ማኔጀር ጭኛለሁ፣ ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?

የፖሊ_ልጅ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እንቁላሉን መጻፍሽ ጠቅሞናል። ለ4 በ3 የተሠራ ምስል ሰፊ ስክሪን ላይ ሲለጠጥ ክብ ነገር እንዲያ ነው የሚሆነው። ችግሩ ያቺ ኖሞድሴት ናት።

ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር አብሮ የሚመጣ ኑቮ የሚባል የኤንቪዲያ ድራይቨር አለ። አንዳንድ ካርድ ላይ ይደናቀፋል፤ ጥቁሩ ስክሪን ከእሱ የመጣ ይመስለኛል። ኖሞድሴት ከርነሉን «ስክሪኑን አንተ አታስተካክል» ትለዋለች። ኑቮን ብቻ አይደለም፣ ኢንቴሉንም ታግዳለች። ሁለት ካርድ ያለው ላፕቶፕ ላይ ደግሞ የራሱ ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ የተያያዘው ከኢንቴሉ ጋር ነው። ለዚህ ነው የኤንቪዲያ ድራይቨር ብትጭኚም ምንም ያልተለወጠው። ቃሏ ማሽኑን ለማስነሳትና ድራይቨር ለመጫን ያህል ትጠቅማለች፤ ከዚያ በኋላ መቅረት የለባትም። ቪዲዮዎቹ ይህን ሳይናገሩ ማለፋቸው ያሳዝነኛል፤ ስንቱ ሰው ሊኑክስ አይረባም ብሎ የሚመለሰው እዚህ ጋ ነው።

ፋይሉን ግን አሁን አትንኪ። መጀመሪያ ለአንድ ጊዜ ብቻ ሞክሪ። ማሽኑ ሲነሳ ኢስኬፕ፣ አሮጌ ባዮስ (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው) ከሆነ ሺፍት ተጭነሽ የግራብን ሜኑ አውጪ። የእንግሊዝኛውን «ኢ» (e) ፊደል ተጫኚ። «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረው ረጅም መስመር ላይ ኖሞድሴትን ፈልገሽ አጥፊና ኤፍ 10 ተጫኚ። እንዲህ ያጠፋሽው ለዚያች አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው። ስክሪኑ ከጠቆረ አጥፍተሽ ስታስነሺው ቃሏ ተመልሳ ትገኛለች፣ ምንም አይበላሽም። ደህና ከተነሳ ግን ከፋይሉ ውስጥ አውጫትና ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» በይ። ይህችን ትእዛዝ ከረሳሽ ፋይሉን ማስተካከልሽ ዋጋ የለውም።

ፔዳ_በር_ኮፒ

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ! አሁን ሞከርኩት። 1366 በ768 ራሱ መጣ። ብርሃኑም ይታዘዛል። ማኅተሙን ከፈትኩት፣ ክብ ነው። ከፋይሉም አውጥቻታለሁ። ሁለተኛው ሞኒተር ግን አሁንም የለም። ገመዱን በሌላ ላፕቶፕ ሞከርኩት፣ ይሠራል።

ሽምብጥ_ነኝ

ልጠይቅሽ። ድራይቨሩን ስትጭኚ ፓስወርድ አውጪ ብሎሽ ነበር? ቀጥሎ ሲነሳስ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ ነበር?

ፔዳ_በር_ኮፒ

አዎ፣ መጣ። አስፈራኝና «ኮንቲኒው» ብዬ አለፍኩት።

ሽምብጥ_ነኝ

በቃ እሱ ነው። ማሽንሽ ላይ ሴኪዩር ቡት በርቷል። ሴኪዩር ቡት ያልተፈረመበትን ድራይቨር አያስገባም። ሰማያዊው ገጽ ላይ «ኢንሮል ሞክ» (የድራይቨሩን ፊርማ ተቀበል እንደማለት) ብለሽ ያወጣሽውን ፓስወርድ ማስገባት ነበረብሽ። ስላለፍሽው ድራይቨሩ ዲስኩ ላይ ተቀምጧል እንጂ ሥራ አልጀመረም። ኑቮን ግን ሲጫን አስወጥቶታል፤ ስክሪንሽ ተመልሶ ያልጠቆረው ለዚያ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ላይ የኤችዲኤምአዩ ቀዳዳ ከኤንቪዲያው ጋር ነው የሚያያዘው፤ እሱ ካልነቃ ሞኒተሩ አይታይም። ተርሚናል ላይ «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ» ብለሽ ጻፊ። ከድራይቨሩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም ካለሽ ነገሩ ይኸው ነው።

ቀላሉ መንገድ ባዮስ ገብቶ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ነው። ዊንዶውስ አብሮት ካለና በቢትሎከር ከተቆለፈ ግን የሪከቨሪ ቁልፉን ሳትይዢ እንዳትነኪው፣ ሊጠይቅሽ ይችላል።

ፔዳ_በር_ኮፒ

ዊንዶውስ የለም፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍቼዋለሁ። ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ ልክ እንዳልከው አልተገናኘሁም አለኝ። ሴኪዩር ቡትን አጠፋሁት። ሲነሳ ያ ሞኒተር በራ!

መጀመሪያ ዴስክቶፑን ዘርግቶት ስለነበር ባዶ ሥዕል ብቻ ነበር የሚታየው። ዲስፕሌይ ውስጥ ገብቼ ሚረር አደረግኩት፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት እንዲያሳዩ። አሁን አንዲት ተማሪ ባንኮኒው ማዶ ቆማ የምስጋና ገጿን እያየች ነው። የእናቷን ስም በ«ፀ» ጽፌው ነበር፣ በ«ጸ» ነው አለችኝ። አስተካከልኩት።